«ተመልሶ ይመጣል»፦ ከሊማሊሞ እስከ ፎገራ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሲያመራ የሊማሊሞን አቀበት ወጣ። ጫፉ ላይ አገልጋዮቹ የፍየል ሥጋ ቀቅለው፣ ክብ ሠርተው ለምሳ ተቀመጡ። በዚህ መሃል አንድ ግዙፍ አሞራ መጣ። እንደ ጭልፊት ከላይ ተወርውሮ አልወረደም። መሬት ለመሬት ዝግ ብሎ እየበረረ ሰዎቹ መሃል ገብቶ አረፈ። እግሩን የሚፈላው ድስት ውስጥ ከተተ፤ ሲያቃጥለው አወጣና ገበታው ላይ የነበረውን ጭንና ወርች በሁለት እግሩ ጨብጦ ሄደ። አገልጋዮቹ ጦርና ጋሻ ፍለጋ ሲሯሯጡ ምሳው አየር ላይ ነበር።

ብሩስ ይህን በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አስፍሮታል። ወፉን «ንስር ወርቅ» ይለዋል። ከመንቁሩ ሥር ስላለው ጢምና ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚሆነው ክንፉ የጻፈው ግን የሚገልጸው ጢማሙን አጥንት በል አሞራ ነው።

የታሪኩ ዋና ሰዎች ብሩስም አገልጋዮቹም አይደሉም፤ አህያ ነጂዎቹ ናቸው። የሆነውን ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወፉ ተመልሶ እንደሚመጣ ነገሩት። መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ የወፉን ጠባይም ያውቃሉ። እንዳሉትም መጣ። ብሩስ ጠመንጃውን ደግኖ ከሥጋው አጠገብ ይጠብቀው ነበርና ተኩሶ ገደለው። ነጂዎቹ ያካፈሉት እውቀት ለወፉ መግደያ ሆነ።

በዚያው ዓመት ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ርብና ጉማራ በሚያጠጡት ሜዳ አለፈ። ያ ሜዳ ፎገራ ነው። ዛሬ ወረታ ከተማ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ ተቀምጣለች። ሥጋ በፌስታል ይዞ የሚሄድ ሰው ሰማዩን ገልመጥ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ጭልፊት ከኋላ ነው የሚመጣው። በልጅ እጅ ያለ ዳቦም አይምርም፤ ጫጩትማ አይነሳ። ሐረር ላይ ሥጋ ወደ ላይ እየወረወሩ ይህንኑ ወፍ ማብላት የእንግዳ ማስደሰቻ ሆኗል። ወፉ ያው ነው፤ የተለየው ሰዉ ያስለመደው ነው።

ሜዳው ላይ ደግሞ ሌላ ተወርዋሪ አለች። ረጅም እግር ያላት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ክንፏ ላይ እሾህ ያበቀለች ወፍ ናት። እንቁላሏን ባዶ መሬት ላይ ትጥላለች፤ እረኛ፣ ውሻ ወይም የፎገራ ላም ሲጠጋት እየጮኸች ጭንቅላት ለጭንቅላት ትወርዳለች። ክፋት አይደለም፤ አጥር የሌለው ቤት የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ዘወር ብሎ ላለፈ ሰው ጠቡ እዚያው ያበቃል። ችግሩ ዘወር የሚባልበት መሬት እያነሰ መሄዱ ነው።

ፎገራ ድሮ የከብት አገር ነበር። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ዋልካ መሬት ለጤፍ አይመችም፤ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፣ የቀረው ግጦሽ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግና እና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝ አስሞከሩ። ሩዙ ውኃውን ወደደው፤ ዛሬም ገበሬው «ኤክስ ጅግና» የሚለው ዝርያ ከዚያ የመጣ ነው። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ከተማ ሆነች፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከልም እዚያው ተተከለ። በጎርፍ ሲጎዳ ለኖረ ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከከተማ ሆኖ «ረግረጉን አትንኩ» ማለት ይቀላል።

ግን ግጦሹ ታረሰ። ሸሸር እና ወላላ የተባሉት፣ ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን የሚውልባቸውና አምባዛ ለመራባት የሚወጣባቸው ረግረጎች በእርሻና በመስኖ ፓምፕ እየተሸረፉ ነው። ባለ ዘውዱ ክሬን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ ከተጋለጡት ወፎች አንዱ ነው። ዩኔስኮ የጣና አካባቢን እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። መዝገቡ ግን ለወፍም ለገበሬም መሬት አይጨምርም። ወፉ ማረፊያ ሲያጣ ማሳ ላይ ያርፋል፤ ያኔ ስሙ «ተባይ» ይሆናል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም፤ ሰብሉን የተበላው ገበሬ ብቻውን ዕዳውን ይሸከም ማለትም እንዲሁ።

ዕዳው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ልጆች ላይ ነው። እህሉ ሲያሽት ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ማማ ላይ የሚውል ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል። ስለ ክሬን ጥበቃ የሚመክር ስብሰባ ሁሉ ከዚያ ልጅ ቢጀምር ጥሩ ነበር። የወፍ ጠባቂ ደመወዝ ወይም ለተበላ ሰብል ካሳ፣ ከአዳራሽና ከውሎ አበል አይበልጥም።

ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲሸሽ፣ ከፊንላንድና ከምዕራብ ሩሲያ የተነሱ ግራጫ ክሬኖች ጣና ዳር ይደርሳሉ። ሽምብራው ያን ጊዜ ገና ጨቅላ ነው። ባለማሳው በጅራፍ ያባርራቸዋል፣ ተነስተው ጥቂት ይዞሩና የጎረቤቱ ማሳ ላይ ያርፋሉ። ጎረቤትየውም ጅራፉን ያነሳል።