የእማዬ ሰዓት ለምን ዝም አለ?

ዛሬ ኤርፖርት ተራው ረጅም ነው፤ ከፊቴ አርባ መኪና ሳይኖር አይቀርም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ከእማዬ ሰዓት ነው። እማዬ እኔ ጋ ከመጣች ጀምሮ ስልክ ይዞ መውጣት አይሆንላትም። «ከነጠላዬ ጋር አልያዝ አለኝ» ትላለች። ስለዚህ የራሱ መስመር ያለው ስማርት ሰዓት ገዛሁላት። ስልኩ ቤት ቢቀርም ሰዓቱ ብቻውን ይደውላል ተብዬ ነው የገዛሁት፤ እውነትም ይደውል ነበር።

በጃንዋሪ 2023፣ የጥምቀት ሰሞን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ እግሯ ከዳትና ወደቀች። ሰዓቱን ነካ አድርጋ ስሜን መረጠች። አልጠራም። ደገመች፤ አልጠራም። የኔትወርኩ ምልክት ግን ሙሉ ነበር፤ የዕለቱን አየር እንኳ ያሳያት ነበር። በኋላ አንዲት እናት በራሳቸው ስልክ ደወሉልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አጥንቷ አልተነካም። ማታ ቤት ስንገባ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ሥራ ይዞህ ነው ያላነሳኸው ብዬ ነው ልጄ፤ አልተቀየምኩም።»

እናቴ ስልኳን ያላነሳሁላት መስሏታል።

እኔ እንግዲህ አገር ቤት ሳለሁ እንጀራዬ የሞባይል ማማ ነበር። ይህን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለምን እንዳላወቅኩ ለማስረዳት ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋውን የምኒልክን የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ታስታውሳላችሁ። ሥራው በ1894 ተጀመረ፤ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሽቦው የእነሱ ነው። እስኪጨርሱ ሌላ ሰው ይጠብቃል። የእኛን የአዲስ አበባ ቋንቋ ልዋስና፣ ኮንትራት ታክሲ እንደ መያዝ ነው። ብታወራም ዝም ብትልም መኪናው ላንተ ተይዟል።

ከዚያ ሽቦው ቀረ። ኤፕሪል 3 ቀን 1973 የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ስልክ ደወለ። የደወለው ለማን መሰላችሁ? ለተፎካካሪው፣ ለቤል ላብስ ሰው። በ1983 ቺካጎ ውስጥ አገልግሎቱ ለሕዝብ ተከፈተ። ይህ አናሎግ የሚባለው የመጀመሪያው ትውልድ ነው። በጁላይ 1991 ፊንላንድ የጂኤስኤሙን 2ጂ ጀመረች። እኛ አገር ሞባይል የገባው በ1999 ነው፤ ያኔ ቀፎ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚታይ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ2001 ጃፓን 3ጂን ለገበያ አወጣች። ቴክኖሎጂው በየዙሩ ቢለወጥም አንድ ነገር አልተለወጠም፦ ስትደውል መስመር ይያዝልሃል። የምኒልክ ሽቦ ሕግ እስከ 3ጂ ድረስ ኖሯል ማለት ነው።

ያንን ሕግ የሻረው 4ጂ ነው። በዲሴምበር 2009 ስቶክሆልምና ኦስሎ ላይ ሲከፈት ለድምፅ የሚያዝ መስመር ጨርሶ አልነበረውም። ኮንትራት ቀረ፤ ሁሉም በሚኒባስ ሆነ። ቪዲዮም፣ መልእክትም፣ ፎቶም ተቆራርጦ አንድ ላይ ተጭኖ ይሄዳል።

ታዲያ ድምፅ በምን ይሂድ? መጀመሪያ የተገኘው መላ ቀላል ነበር። ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ከ4ጂ ይወርድና በ3ጂ ወይም በ2ጂ ያነጋግርሃል፤ ስትጨርስ ተመልሶ ይወጣል። ያኔ እያወራችሁ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነበር። ድምፅን ራሱን በ4ጂ የሚያስኬደው ዘዴ፣ ቮ-ኤልቲኢ የሚባለው፣ የመጣው በ2012 ነው፤ ደቡብ ኮሪያና እዚህ አሜሪካ ዳላስ ቀድመው ጀመሩት። እሱ ግን እንዲሁ አይሠራም። ቀፎው ውስጥ ሶፍትዌሩ መኖር አለበት፣ ኩባንያውም ያንን ሞዴል ተቀብሎ መክፈት አለበት። አንዱ ከጎደለ ኢንተርኔት አለህ፣ ድምፅ የለህም።

አሮጌዎቹ ለምን ይዘጋሉ? የሬዲዮ ሞገድ እንደ አዲስ አበባ መሬት ነው፤ ውስን ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። አሮጌው ቤት ካልፈረሰ አዲሱ አይሠራም። ሁልጊዜ ግን አሮጌው ቤት ውስጥ ያልተቆጠረ ተከራይ ይኖራል። በፌብሩዋሪ 2008 እዚህ አሜሪካ ኩባንያዎች አናሎጉን እንዲያቆዩ የሚያስገድደው ደንብ ሲያበቃ፣ የቤት አላርሞችና ለአደጋ ጊዜ እርዳታ የሚጠሩ መኪኖች ዝም አሉ። በ2017 መግቢያ ኤቲኤንድቲ 2ጂውን ሲዘጋ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አውቶቡስ መቼ እንደሚደርስ የሚናገረው ሰሌዳ ብዙ አውቶቡሶች ጠፉበት። አውቶቡሶቹ መንገድ ላይ ነበሩ፤ የተሸከሙት ሬዲዮ ግን የ2ጂ ነበር። በ2022 ደግሞ የ3ጂ ተራ ደረሰ፦ ኤቲኤንድቲ በፌብሩዋሪ፣ ቲ-ሞባይል በጁላይ፣ ቬራይዘን በዲሴምበር መጨረሻ።

አውሮፓ ያላችሁ ነገሩ ተገላብጦ አይታችሁት ይሆናል። ጀርመን በ2021 3ጂን ዘግታ 2ጂን አቆየች። 2ጂ ላይ የተንጠለጠለው ብዙ ነው፤ የአሳንሰር ስልክ አለ፣ ቆጣሪ አለ፣ ከ2018 ጀምሮ በሕግ አዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ላይ የሚገጠመው የአደጋ መጥሪያ አለ። አውስትራሊያ ደግሞ በ2024 ልትዘጋ ስትል የባሰ ነገር አገኘች፦ አንዳንድ ስልኮች ተራ ጥሪ በ4ጂ ያደርጋሉ፣ የድንገተኛ ጥሪውን ግን 3ጂ ፍለጋ ይወርዳሉ። ለጓደኛህ ይሠራል፣ ለአምቡላንስ አይሠራም። መንግሥት እነዚያን ቀፎዎች ኩባንያዎቹ ከመስመር እንዲያወጧቸው አዘዘ።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሳምሰንግ በ2014 የራሱ ሲም ያለው ሰዓት ሲያወጣ ሬዲዮው 3ጂ ነበር። አፕል በ2017 የራሱ መስመር ያለውን ሲያወጣ 4ጂም 3ጂም ያዘለት። የእማዬ ሰዓት ደግሞ ዳታውን በ4ጂ፣ ድምፁን በ3ጂ ከሚያደርጉት ነበር። 3ጂ ሲዘጋ ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ቀረ። ምልክቱን ሙሉ አድርጎ የሚያሳየው የቀረው ግማሽ ነው።

እኔን ያሳሳተኝ ደግሞ ይኸውላችሁ። ስልኩ አጠገብ ሲሆን ሰዓቱ በራሱ አይደውልም፤ በብሉቱዝ በስልኩ በኩል ነው የሚደውለው። ከኩባንያው ደብዳቤ ሲመጣ ስልኳን ቀየርኩላት። ሰዓቱን ሳሎን ሆኜ ሞከርኩት፤ ጠራ። ስልኩ ሶፋው ላይ ነበር። የሞከርኩት ስልኩን እንጂ ሰዓቱን አልነበረም። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ደብዳቤውን ልኳል፣ ያልጨረስኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለእናት፣ ለአባት ወይም ለልጅ እንዲህ ያለ ሰዓት የገዛችሁ፣ ዛሬውኑ ሞክሩት። ስልኩን አጥፉት። ከቤት ውጡ፤ አንዳንዱ ሰዓት በዋይፋይም ስለሚደውል ሳሎን ውስጥ ያታልላችኋል። ከሰዓቱ ደውሉ፣ ወደ ሰዓቱም አስደውሉ። ካልሠራ የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ኩባንያችሁን «ይህ ሰዓት በኔትወርካችሁ ድምፅን በ4ጂ ያስኬዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የድንገተኛ ጥሪውንም ጠይቁ። ለሙከራ ብላችሁ ግን 911 አትደውሉ።

እማዬ አሁን ሌላ ሰዓት አላት። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ስልኳ ቤት ቀርቶ፣ ከደጀ ሰላሙ ትደውልልኛለች። ተሳፋሪ ቢኖርም ይቅርታ ጠይቄ አነሳለሁ። «ይሰማል?» ትላለች። «ይሰማል እማዬ» እላለሁ። ከዚያ ትዘጋዋለች።

ተራው ተንቀሳቀሰ። ደህና ሁኑ፤ ወላጅ አጠገቡ ላለ ሰው አድርሱልኝ።