ከትል እስከ ሕሙማን፦ የማይክሮ አር ኤን ኤ የ30 ዓመት ታሪክ

«ከዲ ኤን ኤ አር ኤን ኤ፣ ከአር ኤን ኤ ደግሞ ፕሮቲን ይሠራል» የሚለውን የባዮሎጂ ትምህርት ብዙዎቻችን በቃላችን ይዘነዋል። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚከለክል ትንሽ አር ኤን ኤም አለ። ስሙ ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላል። እንዴት እንደተገኘና ለምን እስካሁን መድኃኒት እንዳልሆነ እንመልከት።

እስቲ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት አስቡ። መጽሐፉ ከዳይሬክተሩ ቢሮ አይወጣም፤ ይህ ዲ ኤን ኤ ነው። መምህሩ የሚፈልገውን ገጽ ገልብጦ ክፍል ይገባል፤ ግልባጩ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ነው። ተማሪዎቹ ግልባጩን አንብበው የሚሠሩት ሥራ ፕሮቲን ነው እንበል። ማይክሮ አር ኤን ኤ ደግሞ ግልባጩ ላይ የሚለጠፍ ቁራጭ ወረቀት ነው። ከተለጠፈ ጽሑፉ አይነበብም፤ አንዳንዴም ግልባጩ ተቀዶ ይጣላል። መጽሐፉ ግን አልተነካም ማለት ነው።

ግኝቱ

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን የሚባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በሮበርት ሆርቪትዝ ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። የሚያጠኑት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ትል ነው። ሊን-4 የሚባለው ጂኗ ሲበላሽ እድገቷ ይዛባል። ኋላ ሁለቱም የየራሳቸውን ላቦራቶሪ ከፈቱ። አምብሮስ ሊን-4 ፕሮቲን እንደማይሠራ፣ የሚያወጣውም 22 ሆሄ ብቻ ያለው አር ኤን ኤ እንደሆነ አገኘ። ራቭከን ሊን-14 የሚባለውን ሌላ ጂን ይዞ ነበር። ውጤታቸውን ሲያስተያዩ የአንዱ ሆሄያት ከሌላው ግልባጭ ጋር ገጠሙ። ይህንንም በ1993 አሳተሙ።

ታዲያ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አልቆጠረውም። «የትል ጉዳይ ነው» ተባለ። በ2000 ግን የራቭከን ቡድን ሌት-7 የሚባል ሁለተኛ ማይክሮ አር ኤን ኤ አገኘ፤ ይሄኛው በሰውም ውስጥ አለ። ዛሬ በሰው ብቻ ከ1,000 በላይ ይታወቃሉ። ሁለቱ ሰዎች የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ2024 ነው፤ ከ31 ዓመት በኋላ።

ከበሽታ ጋር

በ2002 ጆርጅ ካሊንና ካርሎ ክሮቼ አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ካለባቸው ሕሙማን በብዙዎቹ ሁለት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች እንደጠፉ ወይም እንደቀነሱ አሳዩ። በ2005 ደግሞ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ለመራባት በጉበት ውስጥ ያለውን ሚር-122 እንደሚፈልግ ታወቀ። ከዚህ ሁለት ሐሳብ መጣ፦ የጎደለውን መተካት፣ በሽታውን የሚያግዘውን ማገድ።

ማገዱ ተሞከረ። ሚራቪርሰን የተባለው መድኃኒት በ36 ሕሙማን ተሞክሮ ውጤቱ በ2013 ታተመ። ቫይረሱ ቀነሰ፤ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 9 ሰዎች በ4ቱ ደም ውስጥ በጥናቱ ጊዜ የማይታይበት ደረጃ ደረሰ። ግን በዚያው ዓመት ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቃው ሶፎስቡቪር የተባለ ኪኒን ተፈቀደ። ዛሬ እንዲህ ያሉ ኪኒኖች ተጣምረው አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ገደማ በሽታውን ያድናሉ። ሚራቪርሰንም መንገድ ላይ ቀረ።

መተካቱ ደግሞ የባሰ ዋጋ አስከፈለ። ኤም አር ኤክስ 34 የተባለው የካንሰር መድኃኒት ሙከራ በ2013 ተጀምሮ በ2016 ቆመ። የሰውነት መከላከያ ከባድ ቁጣ አስነስቶ 4 ሕሙማን ሞተዋል። አንድ ማይክሮ አር ኤን ኤ እኮ የሚለጠፈው ብዙ ግልባጮች ላይ ነው፤ አንዱን ለማስተካከል የገባው ሌላውንም ሊነካ ይችላል።

ለምርመራስ?

በ2008 ማይክሮ አር ኤን ኤ በደም ውስጥ ሳይፈርስ እንደሚቆይና የፕሮስቴት ካንሰርን ሊጠቁም እንደሚችል ታየ። በአንድ የደም ናሙና ካንሰርን ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ደም ሲቀዳ ቀይ የደም ሴሎች ከፈነዱ የእነሱም ማይክሮ አር ኤን ኤ ይፈስና ውጤቱን ያሳስታል። ስለዚህ በየክሊኒኩ የሚሠራ ምርመራ አልሆነም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ይህ እንቁላል ገና አልሄደም፤ እስካሁን ለሕክምና የተፈቀደ የማይክሮ አር ኤን ኤ መድኃኒት የለም። «ተገኘ» እና «አዳነ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በመካከላቸው ዓመታት አሉ፤ ለሙከራው ደማቸውን፣ አንዳንዴም ሕይወታቸውን የሰጡ ሰዎችም አሉ። በሬዲዮ «የካንሰር መድኃኒት ተገኘ» ሲባል የሰማ ታማሚ ቤተሰብ ያለውን ሁሉ ሸጦ ሊሮጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ሲያማክረን ቀድመን መጠየቅ ያለብን በእንስሳ ነው ወይስ በሰው የተሞከረው፣ በስንት ሰው፣ ምንስ ጉዳት አመጣ ብለን ነው። የሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኛ ደግሞ አዲስ ነገር መጠበቅ አያስፈልገውም፤ የሚያድነው ኪኒን አለና ሐኪሙን ይጠይቅ።

ለክፍል ውይይት

1. በመጽሐፉ ምሳሌ ቁራጩ ወረቀት ቢጠፋ ምን ይፈጠራል?
2. የትል ጥናት ለሰው ጠቀመ እንላለን? ለምን?
3. ሚራቪርሰን ቫይረሱን እየቀነሰ ለምን ቀረ?