ሁለት ፋሲካ በአንድ ከተማ

አሽረፊዬ የምትሠሩ እህቶች ሳታስተውሉ አትቀሩም። የሩም ኦርቶዶክሶች ገናን ከማሮናይቶች ጋር ዲሴምበር 25 ያከብራሉ፤ ፋሲካ ሲደርስ ግን ከእኛ ጋር ናቸው። የፋሲካውን ስሌት ሁለታችንም ያገኘነው ከእስክንድርያ ነውና።

በእኛ ዘንድ ስሌቱ ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ትውፊት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ189 ጀምሮ የእስክንድርያ 12ኛ ፓትርያርክ የነበረ፣ ከሹመቱ በፊት ወይን ተክል ይጠብቅ የነበረ ሰው። ሌሊት 23 ሱባዔ፣ ቀን 7 ሱባዔ ያዘ ይላሉ። ሱባዔ ሰባት ነው፤ 23 በ7 ሲባዛ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል። 7 በ7 ደግሞ 49፣ ሲገደፍ 19። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ታሪኩ ቁጥር ለማስታወስ የተበጀ ይመስለኛል፤ 11 ከሰማይም ይገኛልና፦ 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፣ ከ365 በ11 ያንሳል። በ19 ዓመት ፀሐይና ጨረቃ ተመልሰው ይገናኛሉ፤ የአቴናው ሜቶን ይህን ከክርስቶስ ልደት 432 ዓመት በፊት አውጆት ነበር።

እኔን ደስ የሚለኝ ግን 11 እና 19 ድምራቸው 30 መሆኑ ነው። የየትኛውም ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመር 30 ይሆናል፤ ካልሆነ ተሳስተሻል ማለት ነው። ይህን ያሳየችኝ ዶራ እሑድ እሑድ ቡና የምንጠጣ እህት ናት፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ።

የ2019ን እንሥራው። 5500 እና 2019፣ 7519። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንድ ስትቀንሺ 13፣ ወንበር ይሉታል። 13 በ11፣ 143፤ በ30 ገድፈሽ 23። 13 በ19፣ 247፤ ገድፈሽ 7። 23 እና 7፣ ይኸው 30! መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው። የቅዳሜ ተውሳክ 8፤ 7 እና 8፣ 15። ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሪ ሚያዝያ 24፣ እሑድ፣ ፋሲካ። በፈረንጅ ሜይ 2፣ 2027 ማለት ነው። የማሮናይቶቹ ማርች 28 ነው፤ አምስት ሳምንት ይቀድመናል።

የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ስለዚህ የበዓል ዕረፍታችን ያለው በማዳም አፍ ላይ ነው። «ፋሲካ አለፈ እኮ፣ ደግሞ የምን ፋሲካ?» ስትልሽ፣ አገሯ ሁለቱንም ፋሲካ በሕግ እንደሚያከብር ንገሪያት። ሜይ 2ን ግን አሁኑኑ ወጥ ቤቱ ካላንደር ላይ አክብቢበት።