ሲኒው ከየት መጣ?

የካ ውስጥ ሾላ ገበያ ጎራ ብላችሁ ከሆነ፣ ሲኒ ከረከቦትና ከጀበና ጎን ተደርድሮ ሲሸጥ ሳታዩ አልቀራችሁም። ገልበጥ አድርጋችሁ ሥሩን ብታዩት ብዙው የቻይና ነው። ከሐጅ የተመለሰ ዘመድ በልብሱ መሐል ጠቅልሎ፣ እንዳይሰበር ሲሳቀቅ ከጂዳ ያመጣላችሁም ቢገለበጥ ያው የቻይና ሊሆን ይችላል። ይህን አይቶ «ለዚህ ነው ያን ያህል የለፋው?» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። እኛ ግን ለመሳቅ ከመቸኮላችን በፊት የዕቃውን ስም እንጠይቅ።

ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል፤ የሲን የሆነውን ነገር ደግሞ «ሲኒ»። በየቤታችን፣ በክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ቤት ጭምር፣ ቡና የሚቀዳበት ዕቃ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ሦስተኛውን ቡና «በረካ» የምንለውም ከዐረብኛ ነው። እንግዲህ ዕቃው ከሩቅ ምሥራቅ ቢመጣም ስሙን ይዞ አገራችን የገባው በዐረብኛ ተናጋሪና በሙስሊም ነጋዴ አፍ ነው ማለት ነው።

መንገዱም የታወቀ ነው። ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባጡጣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘይላ ወደብ ደርሶ ነበር። (ከተማይቱ በዓሣና በታረደ ግመል ጠረን ስላስመረረችው ሌሊቱን መርከብ ላይ ማደርን መርጧል።) ይኸው ሰው ስለ ቻይና ሲጽፍ፣ የዚያ አገር ሸክላ እዚያው ሲገዛ ዋጋው እንደ ተራ ሸክላ እንደሆነ፣ ወደ ህንድና ወደ ሌሎች አገሮች እየተጫነም እስከ ትውልድ አገሩ መግሪብ እንደሚደርስ ይተርካል። በእኛው ምድርም፣ በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተደረገ ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ ሲገኝ፣ ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጣ ዕቃ ስባሪም አብሮ ወጥቷል።

ይህን ዕቃ ወደ ደጋው የሚያደርሰው ማን ነበር? በክርስቲያኑ መንግሥት ሥር ርስት መያዝ የተነፈገው ሙስሊም ኑሮውን በአብዛኛው በንግድና በሽመና ነበር የሚገፋው። እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ሲወሰን እንኳ፣ የሩቁ ንግድ ከእጃቸው አልወጣም። ወደ ምጽዋ የሚወርደው ነጋዴ አላህ ካገራለት ባሕሩን ተሻግሮ ሐጁን ያደርጋል፤ ሲመለስ ጥቂት ሸቀጥ ይይዛል። ይህ ነውር አልነበረም። ሶሓባዎች በጃሂሊያ ዘመን ገበያ በነበሩት በዑካዝ፣ በመጀናና በዙል መጃዝ በሐጅ ወቅት መነገድን ፈርተው ሳለ፣ ፈቃዱ በሱረቱል በቀራ 198ኛው አንቀጽ መጥቶላቸዋል።

ምኒልክ መናገሻቸው እንጦጦ ላይ ሳለ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ያዙ። ከዚያ ወዲህ የሐረር መንገድ ለሸዋ ዋና በር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1917 የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ በዚያ መንገድ የሚመጣ ብዙ ተሰባሪ ዕቃ በበቅሎና በግመል ጀርባ የተጓዘ ነው። አንዲት ሲኒ ሳትሰነጠቅ እዚህ ለመድረስ ስንት ገደል እንዳለፈች አስቡት! በሐረር ቤት ውስጥ፣ ነደባ ከሚባለው መደብ በላይ፣ ሰሃኑና ስፌቱ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ለማማር ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። የመጣበትን ድካም የሚያውቅ ሰው ዕቃውን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

አሁን ወደ ዛሬው ተጓዥ እንመለስ። ከውጭ ዕቃ መግዛት በራሱ ችግር የለውም። ይሁንና ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣትን ከልክለዋል። በሲኒ ጠርዝ ላይ የሚያብለጨልጨው ቀለም ከሆነ ጉዳት የለውም፤ እውነተኛ ወርቅ ነው ከተባላችሁ ግን ሳትገዙ ዓሊም ጠይቁ። የሰውና የእንስሳ ምስል ያለበት ጌጥም እንዲሁ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ምስል ያለበትን መጋረጃ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ባልወደዱት ጊዜ ቀዳ መደገፊያ ትራስ አድርጋዋለች። የቁርኣን አንቀጽ የተጻፈበት ሰሃንም ምግብ አይቀርብበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ የተጓዘ ሽማግሌ፣ ለጎረቤት ሁሉ ስጦታ ካላመጣ የሚያፍር እየሆነ መጥቷል። በሐረም ሊያሳልፍ የሚችለውን ሰዓት ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ያጠፋዋል፤ ሲመለስም ለሻንጣ ክብደት ይከፍላል። ይህን ያደረግነው እኛ ጠባቂዎቹ ነን። ሲሸኙት «ምን ታመጣልኛለህ?» ከማለት ዱዓ አድርግልኝ ማለት ይቀላል፤ ሾላ ያለውን ሲኒ ከሾላ መግዛት ይቻላል።

አሮጌዋ ሲኒ ግን ሌላ ናት። በቁም ሣጥን ጥግ ጆሮ የሌላት፣ ጠርዟ ሸረፍ ያለ የአያት ሲኒ ካለች፣ ማን፣ በየትኛው ዓመት፣ በየት በኩል እንዳመጣት አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ በወረቀት አስፍሩ። የሐርላዋን ሲኒ የገዛው ሰው ስም በየትም አልተጻፈም።