ከካልሲ የተሠራችው ቀጭኔ

በጅቡቲ ከተማ አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ሕፃን ብዙ ቋንቋ እየሰማ ያድጋል። በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና ዐረብኛ፣ በሰፈር ሶማሊኛና አፋርኛ፣ በቤት አማርኛ ይሰማል። ቴሌቪዥን ሲከፈት የሚያያቸው የካርቱን ፊልሞች ግን ብዙውን ጊዜ በእናቱ ቋንቋ አይናገሩም። ታዲያ አማርኛ ለዚህ ልጅ የመማሪያና የመደሰቻ ቋንቋ ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ወደ አንድ ዓመት ታሪክ መለስ እንበል።

እ.ኤ.አ. 2008 ለካርቱን ፊልም ጥበብ የፍሬ ዓመት ነበር። የጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ «ፖንዮ» 170,000 ያህል በእጅ የተሣሉ ሥዕሎች የፈሰሱበት ሥራ ነው። በአሜሪካ ለተሠራው «ዎል-ኢ» 180 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጪ ሆኗል። የእስራኤላዊው አሪ ፎልማን «ዋልትዝ ከባሺር ጋር» ደግሞ የ1982ቱን የሊባኖስ ጦርነት በመተረክ፣ ይህ ጥበብ የሕፃናት መጫወቻ ብቻ አለመሆኑን አስመስክሯል።

በዚያው ዓመት አንድ የኢትዮጵያ ሥራ በሁለት ዓለም አቀፍ ውድድሮች፣ ማለትም በሙኒክ በፕሪ ዠኔስ፣ በጃፓን ደግሞ በጃፓን ፕራይዝ ተሸለመ። ሥራው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአማርኛ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። አዘጋጇ ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረቱ፤ በ2006 ዝግጅቱ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ባለታሪኳ ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። አካሏ ከካልሲ የተሠራ አሻንጉሊት ሲሆን፣ ምስሏ ከኮምፒዩተር ሥዕል ጋር ተቀናጅቶ ይቀርብ ነበር። ሥራው የተጀመረው በትልቅ ስቱዲዮ ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ነው። ፀሐይም ሕፃናቱን ስለ ፊደልና ስለ ጤና አጠባበቅ በገዛ ቋንቋቸው ታጫውታቸው ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? የገንዘብ ማነስ ሥራን ያከብዳል እንጂ አያስቀርም። መምህርቷ ካሜራ ከመያዛቸው በፊት ሕፃናትን ያውቁ ነበር፤ ዋናው ሀብታቸውም ይኸው ነው። እኛ በጅቡቲ የምናስተምር መምህራንም ይህ ሀብት አለን። አሮጌ ካልሲ፣ ሁለት ቁልፍና አንድ የአያት ተረት በየክፍላችን አይጠፉም። ተማሪዎቻችን ታሪኩን ይጻፉት፤ አሻንጉሊቱን ይስፉት፤ በአማርኛም ያናግሩት። ቋንቋ የሚኖረው ልጆች ሲጫወቱበት ነውና።