ቁናና ኪሎ፤ ስፍርን ወደ ሚዛን ስለ መመለስ

የአገራችንን የግብርና የገበያ ታሪክ የሚመረምር ተማሪ ሁሉ ከአንድ ችግር ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ይኸውም የቀድሞው እህል በአብዛኛው የሚሰፈር እንጂ የሚመዘን አለመሆኑ ነው። ወርቅ በወቄት፣ ቡና በፈረሱላ ሲመዘን፣ እህል ግን በቁናና በዳውላ ይሰፈር ነበር። ወቄት በማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት፣ ማለት በ28 ግራም ያህል ይታወቃል። ቁና ግን ከሣር የተሰፋ ዕቃ ስለሆነ ልኩ እንደ ሠሪዋ እጅና እንደ አገሩ ልማድ ይለያያል። በጽሑፍ ላይ የተገኘውን ቁና ሁሉ በ5 ኪሎ አባዝቶ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትክክለኛ ታሪክ አያስገኝም።

በመጀመሪያ፣ ስፍር ቦታን እንጂ ክብደትን አይለካም። ስድስት ሊትር ተኩል የሚይዝ ቁና ብንወስድ፣ ስንዴ ሲሞላበት 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሳይጠቀጠቅ ዱቄት ሲሞላበት ግን ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ብቻ ነው። በዚሁ ልክ ያለ ማሰሮ ማር ቢሞላ 9 ኪሎ ይደርሳል። እናቶቻችን ይህን ያለ ሚዛን ያውቁታል፤ ወደ ወፍጮ የሄደ አንድ ቁና ስንዴ ሲመለስ ከአንድ ቁና በላይ ዱቄት ይሆናልና። እህሉ አልጨመረም፤ በመካከሉ አየር ገባበት እንጂ።

ሁለተኛው ነገር የአሰፋፈሩ ሁኔታ ነው። ቁናው ከአፉ ጋር እኩል ተደርጎ ይሰፈራል ወይስ ከአፉ በላይ ይከመራል? የአፉ ስፋት 24 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ስንዴው በ25 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ቢከመር፣ ክምሩ ብቻ ከስድስት መቶ ግራም ይበልጣል። በብዙ ቦታ አንድ ዳውላ 20 ቁና ነውና፣ በዳውላ 13 ኪሎ ያህል ትርፍ ይሆናል። የቁናው ይዘት ሳይለወጥ አፉ ብቻ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ደግሞ ትርፉ 25 ኪሎ ይደርሳል። እንግዲህ ሰፋሪው የቁናውን ቍጥር ሳይጨምር የገበሬውን ድርሻ መቀነስ ይችላል ማለት ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አልነበረም። የፈረንሳይ ገበሬዎች በ1789 እ.ኤ.አ. ካቀረቧቸው አቤቱታዎች አንዱ የባላባቱ ስፍር በየቦታው መለያየቱና መከመሩ ነበር፤ በ1795 የሜትር ሥርዓት ሲታወጅ ይህ ጥያቄ መልስ አገኘ። በእኛ አገር በ1944 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ የእህሉን አሥራት በገንዘብ ለወጠው፤ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 35 ብር፣ ለለም ጠፍ 30፣ ለጠፍ 10 ብር እንዲከፈል ሆነ። መንግሥት ከቁና ተላቀቀ። ጢሰኛው ግን ለባለ መሬቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን በእህል መስጠቱን ቀጠለ። በ1963 የሚዛንና የልክ አዋጅ ኪሎን ሕጋዊ ቢያደርግም፣ ጢሰኝነት እስከ ቀረበት እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ቁናውን የሚመርጠው በአብዛኛው ተቀባዩ ነበር።

ስለዚህ የቆየ የግብር መዝገብ የሚመለከት ሰው ከማባዛቱ በፊት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል፤ የተሰፈረው ምን ዓይነት እህል ነው? እኩል ነው ወይስ ክምር? ቁናውስ የማን ነው? አባቶች «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። ምሳሌው የፍርድን እኩልነት ያስተምራል፤ የጎተራው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው አንድ ሰው፣ የሚሰፈርበትም ሌላ ሰው እንደ ነበረ ያሳየናል።