ከአባት ቆጠራ እስከ ከተማ ፕላን፦ የዳሞት መሬትና ሕጎቹ

በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት፣ በፈረስ ቤት ዙሪያ፣ ርስት ልጠይቅ ብሎ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አባቶቹን መቁጠር ነበረበት። ከአባቱ ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደ ቅድመ አያቱ እያለ አገሩን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ዘንድ ሳይደናቀፍ መድረስ አለበት። ያ ሰው አቅኚ አባት ይባላል፤ መሬቱም በስሙ ይጠራል። ከመካከል አንዲት ስም ከተሳተች ባላጋራው አፈፍ አድርጎ ይይዛታል፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ይበላሻል።

ይህን ሥርዓት ከማንም በላይ በዝርዝር የጻፈው አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። በዚያው ዘመን ደጋ ዳሞት መጥቶ ከገበሬው ጋር እየኖረ አጠናው፤ መጽሐፉም በአማራ የመሬት ይዞታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ስለ ይዞታ፣ ስለ ካርታና ስለ ፕላን ግራ የሚጋባ ባለ መሬት ያንን ዘመን ቢያውቅ ይጠቀማል። ዳሞት ሕግ አልባ መሬት ኖሮት አያውቅምና። የተለዋወጠው ሕጉ የሚቀመጥበት ቦታና የሚያውቀው ሰው ነው።

ርስት በአባትም በእናትም ይወርድ ነበር። አንድ ሰው በአባቱ በኩል ከአንዱ አጥቢያ፣ በእናቱ በኩል ከሌላው፣ በሴት አያቱ ወገን ደግሞ ከሦስተኛው የሚጠይቀው ርስት ይኖረዋል። ሁሉንም ግን አያርስም። መብቱ በደሙ ቢኖርም መሬቱን እጁ የሚያስገባው ዘር ቆጥሮ፣ ምስክር አቁሞ፣ ዘመድ አሰልፎና ዳኛ ፊት ቆሞ ተሟግቶ ነው። የአቅኚው አባት ልጆች በየስማቸው ድርሻውን ይከፋፈላሉ፤ በዚህ ክፍፍል የሚታወቀው ምንዝር አባት ይባላል። ወገኑን ወክሎ የሚያካፍለው፣ የሚሟገተውና ስሞቹን በቃሉ የሚይዘው ሽማግሌ ደግሞ ፈጅ ነው። መዝገብ ቤቱ የፈጁ ጭንቅላት ነበር ማለት ይቻላል። እሱ ሲሞት ብዙ ነገር አብሮ ይቀበራል፤ ስለዚህ ብልህ አባት ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ችሎት እየወሰደ ያስሰማው ነበር።

የመሬቱ አጠቃቀምም በዘፈቀደ አልነበረም። የሰሞን መሬት የያዘ ሰው ራሱ ቄስ ወይም ዲያቆን ሆኖ፣ አለዚያም የሚቀድስለት ሰው አቁሞ፣ ደብሩን የማገልገል ግዴታ ነበረበት። አገልግሎቱ ከተቋረጠ መሬቱም ያከራክራል። ጉልተኛው ግብርና ዳኝነት ከመሬቱ ያገኝ ነበር፤ ጭቃ ሹሙ ያስከፍል ነበር፤ ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ለመንደሩ ከብት ክፍት ይሆን ነበር። ይህ ሁሉ ያልተጻፈ ነበር፤ ሁሉም ግን ያውቀው ነበር።

ሥርዓቱን እንደ ወርቃማ ዘመን ማየት ግን ስሕተት ነው። ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ርስት ከሚቆጥረው ወገን ውጭ ነበሩ። አባታቸውን ለመቁጠር አንደበት ሳያጡ የአቅኚ ልጅ ስላልተባሉ ብቻ በሰው መሬት ላይ ኖሩ። ዘር ቆጠራ ለባለ ርስቱ ዋስትና የሆነውን ያህል ለእነሱ አጥር ነበር፤ ይህ በደል በታሪካችን ውስጥ በሚገባው ልክ ተጽፎ አያውቅም።

ጎጃም ግን ይህን ሥርዓት በነፍሱ ይጠብቀው ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ሲያወጣ፣ መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ በጋሻ እንዲገበር ነበር የታሰበው። በጋሻ ለመገበር መሬቱ መለካት አለበት። በጎጃም ልኬት ማለት ርስትን ማጣት፣ በደቡብ እንዳለው ገበሬ ጭሰኛ መሆን ማለት ነው ተብሎ ተፈራ። ገበሬው ተነሣ፤ መንግሥትም በዚህ ነጥብ ሸብረክ አለ። ጎጃም እንደ ትግራይና እንደ በጌምድር በቆየው ልማድ እንዲገብር ተተወ።

ሁለተኛው ግጭት የከፋ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል የሚል ነው። ነገር ግን ገቢውን ለመገመት ገማቾች ማሳ ውስጥ መግባት አለባቸው። ማሳ ውስጥ የገባ ገማች ነገ የመለኪያ ገመድ ይዞ እንደማይመጣ ለገበሬው ማን ያረጋግጥለታል? በዚያ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በአስተዳደራቸው የተጠሉ ነበሩ። ዐመፁ ሞጣን፣ ቢቸናንና ዳሞትን አዳረሰ። ገማቾቹ ተባረሩ፤ ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ ደጃዝማቹ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፍ ግብር ተማረ፤ አዲሱ ግብርም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

የዳሞት ገበሬ ያኔ የተዋጋው ለውጥ በመጥላት ብቻ ነው የሚለው አባባል ሩቅ አያስኬድም። የሚያውቀው ሕግ በማያውቀው ሕግ ሲተካ፣ አዲሱን ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ ሳያስረዳው፣ መሬቱን ለማቆየት የቀረው መንገድ ጠመንጃው ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ ሌላ አዋጅ መጣ፤ ይህኛው ማንንም አልጠየቀም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። በብዙ ቦታ አዋጁ የሚታወሰው በአሥር ሄክታር ጣሪያው ነው። ለዳሞት ግን ዋናው ነገር ስለ ርስት አገሮች የተደነገገው ክፍል ነበር፤ ገበሬው በዚያን ጊዜ የሚያርሰውን ይይዛል፤ በሌላ አጥቢያ ያለውን ርስት የመጠየቅ መብቱ ግን አከተመ። ዘመናት የኖረው አባት ቆጠራ በአንድ ቀን ሕጋዊ ዋጋ አጣ። የፈጁ ቦታ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነ። ርስት ተነፍጎት የኖረው ባለ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ መሬት አገኘ፤ ይህ የአዋጁ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መንገድ ዳር ቤት ሠርቶ ያከራይ የነበረ ሰው የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ቀረለት፤ ለመኖሪያ የሚፈቀደውም ቦታ ቢበዛ 500 ካሬ ሜትር ሆነ። ገጠሩና ከተማው በሁለት የተለያዩ የመሬት አዋጆች መተዳደር የጀመሩት ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው። ልዩነቱ እስከ ዛሬ አለ፤ አብዛኛው የባለ ይዞታ ችግርም የሚፈላው ሁለቱ በሚገናኙበት በከተማ ዳር ነው።

የደርግ መንደር ምሥረታም የአምራቾች ኅብረት ሥራም ቶሎ መጥተው ቶሎ ሄዱ። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል ያካሄደው የመሬት ሽግሽግ ግን አሁንም በጎጃም ቤቶች በምሬት ይነሣል። በደርግ ዘመን በቀበሌ አመራር ያገለገሉ ሰዎች “ቢሮክራሲ” ተብለው ተፈረጁ፤ ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር፣ በላይ እንዳይዙ ተወሰነ። የሌላው ገበሬ ጣሪያ ሦስት ሄክታር ነበር። ልኩን የወሰነው የሰውየው የትናንት ሹመት ነው እንጂ የቤተሰቡ ብዛት ወይም የማረስ አቅሙ አልነበረም። የይዞታ ዋስትና ጥያቄ ከዚያ በኋላ አንገብጋቢ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መልሱ የይዞታ ደብተር ሆኖ መጣ። በ1992 ዓ.ም. በክልሉ የአካባቢ ጥበቃ፣ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ባለሥልጣን ተቋቋመ። ምዝገባውም በስዊድን ድጋፍ በምሥራቅ ጎጃም በጎዛምን ወረዳ በአዲስና ጉሊት ቀበሌ፣ በደቡብ ወሎ ደግሞ በገራዶ ተሞከረ። ከዚያ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዛመተ። ደብተሩን ገልጦ ላየ ሰው ታሪኩ ከነዝርዝሩ ይታያል። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ከታች የማሳው መጠን ተጽፏል፤ ቀጥሎ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ እየተባለ አዋሳኙ ተዘርዝሯል። በዚህ የመጀመሪያ ምዝገባም ወሰኑን የሚናገረው ጎረቤት ነበር። በኋላ የመጣው ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ማሳውን በአየር ፎቶ ላይ አስምሮ ቁጥር ሰጠው፤ ገበሬው ወሰኑን ራሱ በጣቱ ካመለከተ በኋላም ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ስሕተት እንዲታረም ተደረገ። የሚስት ስምና ፎቶ እኩል መግባቱ ብቻውን በብዙ ፍቺና ውርስ ክርክር ላይ ሚዛኑን ለውጧል።

ደብተሩ መብት ብቻ አይደለም፤ ግዴታም አለበት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ተዳፋትን ለይቶ አስቀምጦ ነበር። ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም አይውልም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ብቻ ነው። ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው የጠረጴዛ እርከን ተሠርቶ ነው። ገብስና ድንች በየገደላገደሉ አፋፍ ለሚታይበት ለደጋ ዳሞት ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ መሬትን እንደ ተዳፋቱና እንደ አቅሙ የመጠቀም ግዴታ ግን አብሮ አልጠፋም።

ከደጋው ወደ ቡሬ ሲወረድ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ዋና መንገድና ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ በቆሎ አምራች ነው። በአገሪቱ ከታሰቡት አራት የመጀመሪያ የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ እዚያ የተተከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ፓርኩ ያረፈበት ሜዳ ትናንት የሚታረስ ማሳ ነበር። ገበሬው ከመሬቱ ሲነሣ የሚከፈለው ካሳ እንደ ሕጉ ዘመን ይለያያል። በ1997ቱ አዋጅ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ይባዛ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጸድቆ በ2012 መባቻ ሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በአሥራ አምስት ያባዛዋል። ይህን ቀመር የማያውቅ ገበሬ የተሰጠውን ብር ተቀብሎ ይሄዳል፤ የሚያውቅ ደግሞ ስሌቱን አሳዩኝ ይላል። በርስት ዘመን ፈጁ ስሞችን በመያዙ ይረታ እንደነበረው ሁሉ፣ ዛሬም የሚረታው አንቀጹን የያዘ ነው።

በከተማ ዳር ሌላም ወጥመድ አለ። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም ይላል፤ ሰው ግን በስጦታ ወይም በብድር ውል ስም የእርሻ መሬት ይገዛል፤ በሌሊትም የጨረቃ ቤት ያቆማል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ያለ ፈቃድ የተያዘ ቦታ ሥርዓት ሊይዝ የሚችለው ከከተማው ፕላን ጋር ሲጣጣም እንደሆነ ደንግጓል። በፕላኑ ላይ ቦታው መንገድ፣ አረንጓዴ ሥፍራ ወይም ኢንዱስትሪ ከተባለ ቤቱ ከነጣሪያው ይፈርሳል፤ ለገዥው የሚከፈለው ካሳም የለም። ሻጩም አይተርፍም፤ ካሳ ሊያስገኝለት የሚችለውን ይዞታ በርካሽ አሳልፎ ሰጥቷል።

እንግዲህ በፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ መሬት ያለው ወይም የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ ወይም መሠረት ከመቆፈሩ በፊት የወረዳውን የመሬት አስተዳደርና የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ይጠይቅ። ቦታው ከከተማው ክልል ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? በፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት ተመድቧል? በዚያ አካባቢ ስንት ፎቅ ይፈቀዳል? የሕንፃ ሕጉ ግንባታ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል፤ ፕላኑን ማየት ደግሞ የባለ ይዞታው መብት ነው። ደብተሩንና ካርታውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከቤት ውጭ በሌላ ቦታ ማስቀመጥም በዚህ የግጭት ዘመን ቸል የሚባል ነገር አይደለም።

የከተማ መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለአሥር ዓመት ነው፤ ሲዘጋጅም ሆነ ሲከለስ ለነዋሪው ውይይት መቅረብ አለበት። አብዛኛው ሰው ስብሰባው ላይ ሳይገኝ ይቀርና የሚፈርስ ቤት ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ ሲቀባበት ይደነግጣል። ቀጣዩ ጥሪ ሲነገር ሥራ ፈትታችሁም ቢሆን ተገኙ፤ ማሳችሁ ካርታው ላይ በምን ቀለም እንደተቀባ ጠይቁ፤ ካልተስማማችሁም ቃላችሁ በቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳታዩ አትውጡ።